ለሰንጢ ወዳዱ ልጄ

ልጄ፣ ሰንጢ መውደድ መጀመርህን ሰማሁና ደስ አለኝ። እጅህ ሥራ አይፈራም፣ ያዘዙህንም እምቢ አትልም። የዕቃ አያያዝህን ግን አውቀዋለሁ። የገዛኸውን በቅጡ ሳትለምደው ዓይንህ ሌላው ላይ ያርፋል፤ የተጠቀምክበትንም ሳትጠርግ ኪስህ ትከታለህ። የሰንጢ ወዳጆች ደግሞ ወሬያቸው አያልቅም። አንዱ ስለ ብረቱ ዓይነት ሲያወራልህ ያመሻል፣ ሌላው የማይቆለፍ ሰንጢ ሰንጢ አይባልም ይልሃል፣ ሌላው ሠላሳ መሣሪያ የታጨቀበትን አውጥቶ ያስጎመጅሃል። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ረጅም ዘመን ኖሬአለሁ፤ ሰንጢዎቻቸውን ይዤ ሠርቼባቸዋለሁ፣ ክርክራቸውንም ሰምቻለሁ። የምነግርህ ስለ አንዲት ዓይነት ሰንጢ ነው፦ አንድ ስለት፣ አንድ ወስፌ፣ አንድ የቆርቆሮ መክፈቻና ጫፉ ካቻቢቴ የሆነ አንድ የጠርሙስ መክፈቻ ስላላት ተራ የወታደር ሰንጢ። ዓመቶቹን የምጠራልህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

1. ዕቃን ከማድነቅህም ከመንቀፍህም በፊት ለምን እንደተሠራ ጠይቅ። በ1880ዎቹ መጨረሻ የስዊዘርላንድ ጦር ሽሚት ሩቢን የሚባል አዲስ ጠመንጃ ታጠቀ። ጠመንጃውን ለመፍታትና ለመገጣጠም ካቻቢቴ ያስፈልግ ነበር። የወታደሩ ስንቅም በቆርቆሮ እየታሸገ መምጣት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ጦሩ በእያንዳንዱ ወታደር ኪስ የምትገባ ሰንጢ አዘዘ፤ እጀታዋ ጠቆር ያለ እንጨት፣ መሣሪያዎቿም ስለት፣ ወስፌ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ። ያኔ ስዊዘርላንድ ውስጥ ያን ያህል ብዛት ማውጣት የሚችል ስላልነበረ፣ የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት ጀርመን አገር፣ ዞሊንገን ከተማ ነው። ካርል ኤልሰነር የሚባል ቢላ ሠሪ በ1884 ሽቪትስ በሚባለው ግዛት፣ ኢባክ ውስጥ የራሱን መሥሪያ ቤት ከፍቶ ነበር። የሙያ ጓደኞቹን አስተባበረና በ1891 አገር ውስጥ የተሠሩትን ሰንጢዎች ለጦሩ ማስረከብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ ቀለል ያለችውን የመኮንን ሰንጢ አስመዘገበ። ትንሽ ሁለተኛ ስለትና የቡሽ መንቀያ ጨመረባት፤ ስድስቱንም መሣሪያ በሁለት ሞላ ብቻ እንዲሠሩ አደረገ። እሷን ጦሩ አላደላትም፤ መኮንኖቹ በገዛ ገንዘባቸው ነበር የሚገዟት። እናቱ በ1909 ሲሞቱ ለመታሰቢያቸው ሥራውን በስማቸው ቪክቶሪያ ብሎ ሰየመው። በ1921 የማይዝገው ብረት ሲመጣ የብረቱ ስም ተቀጠለበትና ቪክቶሪኖክስ ሆነ። ይህን የምነግርህ ታሪክ እንድትሸመድድ አይደለም። የወታደሯ ሰንጢ አራቱም መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው የሚጠብቃቸው ሥራ ነበር፤ ለጌጥ የገባ አልነበረም። አንድ ሰው «ፒንሳ እንኳ የላትም» ብሎ ሲያጣጥላት፣ ለምን እንደተሠራች ሳይጠይቅ መፍረዱን ትረዳለህ።

2. ብዙ ከመያዝ የሚያዝ ያዝ። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባል የለ? ስዊስ ቻምፕ የሚባለው ሰንጢ 33 አገልግሎት ይሰጣል፤ 185 ግራም ይመዝናል። ፓዮኒር የምትባለው፣ የድሮዋ የወታደር ሰንጢ እኅት፣ አራቱን መሣሪያዎች ይዛ ርዝመቷ 93 ሚሊሜትር፣ ክብደቷም 70 ግራም ገደማ ነው። ትልቁን ገዝተው ያመጡ ወጣቶች ብዙ አይቻለሁ። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ከፍተው እንደ ማበጠሪያ ዘርግተው ያሳዩሃል። ሰንብቶ ሱሪ ስለሚጎትት ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ትንሽ ቆይቶ ቦርሳውን ስለሚያከብድ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። መሳቢያ ውስጥ ያለ ሰንጢ ገመድ አይቆርጥም። በ1995 ካናዳዊው ጠፈርተኛ ክሪስ ሃድፊልድ የሩሲያውያን ወደነበረው ሚር ወደተባለው የጠፈር ጣቢያ ሲገባ፣ የበሩ መታሸጊያ ከመጠን በላይ ጠብቆ አስቸገረው። ያን ሁሉ መሣሪያ የተሸከመች መንኮራኩር ይዞ ሄዶ፣ በሩን ያስከፈተው የስዊስ ሰንጢ ነው። እዚያ የረዳችው በእጁ ስለነበረች ነው። ልምድ ያላቸውን ሰብሳቢዎች «ስንት አለህ?» ብለህ አትጠይቃቸው፤ «አሁን ኪስህ ያለው የትኛው ነው?» በላቸው። አብዛኞቹ የሚያወጡት ስስ የሆነውን ነው።

ስለ እጀታው ሲከራከሩም ትሰማለህ። የአሉሚኒየሙ ሸካራ ስለሆነ እርጥብ እጅ አያዳልጠውም፣ ወድቆም አይሰነጠቅም። ቀዩ ፕላስቲክ ደግሞ ወረንጦና የጥርስ መጎርጎሪያ ይሸጎጥበታል፤ አሉሚኒየሙ ላይ እነሱ የሉም። እኔ አሉሚኒየሙን እመርጣለሁ። ሾህ ሲወጋህ ግን ወረንጦዋን ትናፍቃለህ፤ ከአሁኑ ልንገርህ። ከአራቱ ሌላ አምስተኛ መሣሪያ ይጨመር ቢባል ደግሞ ከሁሉ መቀስ ይሻላል። ክር፣ ጥፍር፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የቁስል ፋሻ፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ አያጣም።

3. በብረት ስም አትታለል። የሰንጢ ወዳጆች ይህችን ሰንጢ በአንድ ነገር ይከሷታል፦ ብረቷ ለስላሳ ነው ይላሉ። ውሸት አይደለም። ሮክዌል በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ የቪክቶሪኖክስ ስለት 56 ገደማ ነው፤ ዛሬ በውድ የሚሸጡት ሰንጢዎች 60ንና ከዚያም በላይ ያልፋሉ። ጠንካራው ብረት ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ካርቶን የሚቆርጥ የመጋዘን ሠራተኛ ብትሆን እነሱን ስማ እልህ ነበር። ነገር ግን ጠንካራ ብረት ሲደነዝዝ የሚስለው ድንጋይም ውድ ነው፣ ትዕግሥቱም ብዙ ነው፤ አጥንት ወይም ሚስማር ሲነካም ጠርዙ ሊሸረፍ ይችላል። የዚህችኛው ግን ቢጎዳ ይታጠፋል እንጂ አይሸረፍም፤ በተራ ድንጋይ ጥቂት ደቂቃ ስትሠራው ይመለሳል። ብርቱካን ልጠህባት ሳታጥባት ብታድር እንኳ በቀላሉ አትዝግም። አንተ ደግሞ እንደማታጥባት አውቃለሁ።

ሌላም አለ፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የሚቆርጠው የብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፣ ቅጥነቱም ነው። ለጦርነት እንደተሰናዳ የሚሸጠው ወፍራም ሰንጢ አፉ የቱንም ያህል ቢሳል፣ ጀርባው ስለሚሰፋ ፖም ስትቆርጥበት ይሰነጥቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። የወታደሯ ሰንጢ ስለት ከጀርባው እስከ አፉ እየሳሳ ስለሚወርድ ሽንኩርት በስሱ ይከትፍልሃል። በዚህ ላይ ጠንካራ ብረት የሚወዱትም ሳይቀሩ ይስማማሉ፤ ምሳቸውን ለመቁረጥ ሲሆን ቀጭኗን ነው የሚያወጡት።

4. የማይቆለፍ ሰንጢ ይዘህ አትውጋ። ይህች ሰንጢ መቆለፊያ የላትም። ስለቷን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ከጀርባዋ ያለው ሞላ ብቻ ነው፤ ጀርባውን ከተጫንከው ወደ ጣትህ ይታጠፋል። ብዙ ወጣቶች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። በሥራ ያደገ ሰው ግን ከዚህ የተነሣ እጁን ይገራል፦ ወደ አፉ አቅጣጫ ብቻ ይጫናል፣ በጫፉ አይፈለቅቅም፣ ስለቱን በመዶሻ አይመታም፣ ሲቆርጥም ከአካሉ ወደ ውጭ ይቆርጣል። መቆለፊያ ያለው ሰንጢ የለመደ ሰው ደግሞ በመቆለፊያው ይተማመናል፤ መቆለፊያም የሚከዳበት ቀን አለ። ስትዘጋት ጣቶችህን ከስለቱ መንገድ አውጣ፤ መዳፍህን ጀርባው ላይ አድርገህ በቀስታ ግፋው። በአንድ እጅ ብልጭ አድርጎ መክፈት የልጅ ጨዋታ ነው፤ ይህችን በሁለት እጅ፣ በጥፍርህ ስበህ ትከፍታታለህ። ሁለቱም እጆችህ ሥራው ላይ ናቸውና አእምሮህም እዚያው ይሆናል።

5. በደነዘ ሰንጢ አትሥራ። እጅ የሚቆርጠው ዱልዱሙ ነው፤ ስለማይቆርጥልህ ኃይል ትጨምራለህ፣ ኃይል ስትጨምር ያዳልጥሃል። አሳሳሉን ልንገርህና አንዴ በደንብ ያዘው።

ድንጋዩን አርጥበው። በውሃ ከጀመርክ በውሃ ቀጥል፤ ዛሬ ውሃ ነገ ዘይት አታድርግ። ስለቱን ድንጋዩ ላይ አስተኛውና ጀርባውን ትንሽ ቀና አድርገው። ፋብሪካው የሚመክረው በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ዲግሪ የምትለካበት ባይኖርህ፣ መጀመሪያ ስለቱን ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ ግማሽ ድረስ አጋድመው፣ የቀረውን እንደገና ግማሽ አጋድመው፣ ከዚያ ቅንጣት ዝቅ አድርግለት። እዚያ ላይ እጅህን አጽና። ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ አፉን ወደፊት አድርገህ፣ ሳትጫን ግፋው። ደጋግመህ በአንድ ጎን ስትሄድ፣ በሌላው ጎን አፉ ላይ በጣት የሚታወቅ ሻካራ ነገር ይወጣል። ይህን ስትፈትሽ ጣትህን ከጀርባው ወደ አፉ አሻግረህ ወደ ውጭ አውጣው፤ በአፉ ርዝመት እንዳትሄድ። ሻካራው ከሥሩ እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ ከተሰማህ የሳልከው ጎን አልቋል ማለት ነው፣ ገልብጠው። በሁለተኛውም ጎን እንዲሁ አድርግ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ፣ እያቀለልክ። በመጨረሻ በቀበቶህ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጀርባውን አስቀድመህ ጎትተው። ከዚያ ጋዜጣ በአንድ እጅህ አንጠልጥልና ቁረጥ። ወረቀቱን ከቀደደው ገና ነው፤ ድምፅ ሳያበዛ ከቆረጠው በቂ ነው። ከዚያ በላይ ፀጉር ልላጭበት ማለት ትዕቢት ነው፤ ለገመድና ለዳቦ አያስፈልግም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ጊዜ ለማትረፍ ብለህ በኤሌክትሪክ ለሚሽከረከር ድንጋይ አትስጣት። ብረቱ ሲግል ጥንካሬው ይሄዳል፣ ስለቱም በከንቱ ይበላል። በዚህ መንገድ ተበልተው ስለታቸው ወስፌ ያህል የቀረ ሰንጢዎች አይቻለሁ፤ ባለቤቶቻቸው «ብረቱ መጥፎ ነው» ይሉ ነበር።

6. እያንዳንዱን መሣሪያ በሥራው ላይ አውለው። ስለቱ ካቻቢቴ አይደለም፤ ብሎን ብትፈታበት ጫፉ ይሰበራል። ጫፉ የተሰበረ ሰንጢ ያለው ሰው ካገኘህ፣ ሳትጠይቀው ብሎን ፈትቶበታል በል።

የቆርቆሮ መክፈቻው ብዙ ሰው የሚፈራው ነው፤ አካሄዱን ስለማያውቁት። መንጠቆውን ከጣሳው ክፈፍ በታች አስገባ፣ እጀታውን ከፍ አድርገህ ስለቱን ወደ ክዳኑ ስከው፣ ከዚያ ጥቂት ጥቂት እያልክ ወደፊት ሂድ። የቪክቶሪኖክሱ ወደፊት ነው የሚሄደው። ከ1893 ጀምሮ ሰንጢ ይሠራ የነበረው፣ የጦሩንም ትእዛዝ ለረጅም ዘመን ከእሱ ጋር ይካፈል የነበረው ቬንገር የተባለው ፋብሪካ ደግሞ መክፈቻውን ወደ ኋላ እንዲሄድ አድርጎ ነው የሠራው። የሁለቱ ወዳጆች በዚህ ነገር ሲከራከሩ ብትሰማ አትደነቅ። በ2005 ቪክቶሪኖክስ ቬንገርን ቢገዛውም ክርክሩ አልቆመም። ለእኔ ሁለቱም የቲማቲም ድልህና ሳርዲን ይከፍታሉ፤ የያዝከውን ልመድ። የመክፈቻው ጠባብ ጫፍ ባለ መስቀል ብሎንንም ይፈታል፤ ብዙ ዓመት የያዙት ሰዎች እንኳ ይህን ሳያውቁ ይቀራሉ።

የጠርሙስ መክፈቻው ጫፍ ሰፊ ካቻቢቴ ነው፤ ቀለም ጣሳ ክዳን መፈልቀቅ፣ ሚስማር ብቅ ማድረግ ካስፈለገህም ስለቱን ተወውና በእሱ ሥራ። ሥሩ ላይ ያለችው ጥርስ የሽቦ ልባስ መግፈፊያ ነች። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ። እጀታዋ አሉሚኒየም ነው፤ መብራት ያለበትን ሽቦ እንዳትነካ። ቆጣሪውን አጥፋ፣ መጥፋቱን አረጋግጥ፣ ከዚያ ሥራ።

ወስፌዋ ደግሞ እናትህ ሰፌድ ከምትሰፋበት ትለያለች፤ አንድ ጎኗ የተሳለ ነው። ስለዚህ ወግተህ ብቻ ሳይሆን አዙረህ ትበሳለህ። ክብደት ስትቀንስ ለቀበቶህ አዲስ ቀዳዳ ካስፈለገ ከሥሩ እንጨት አስቀምጥ፣ ጫፏን ቦታው ላይ ትከል፣ ቀጥ አድርገህ እየተጫንክ በተሳለው ጎን አቅጣጫ አዙራት። ካጋደልካት ትታጠፍና ጣትህን ትይዘዋለች።

7. ስትገዛ በዓይንህ ሳይሆን በእጅህ ግዛ። ቀይ እጀታና ነጭ መስቀል ያለው ሁሉ ስዊስ አይደለም፤ አስመስለው የሚሠሩት በየገበያው ሞልቷል። ከፍተህ ስለቱን ወደ ግራና ቀኝ ወዝውዘው፤ ከተንቃቃ ተወው። ብርሃን ላይ አንሥተህ በሞላውና በጎኑ ቆርቆሮ መካከል እይ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት መኖር የለበትም። ሲከፈትም ሲዘጋም ጥርት ያለ «ጠቅ» ማለት አለበት። የስለቱን ሥር ተመልከት፤ የሠሪው ስም እዚያ ተመቷል። በእውነተኛዋ የወታደር ሰንጢ ላይ ደግሞ የተሠራችበት ዓመት የመጨረሻ ሁለት ቁጥር አለ፤ 78 ካለ 1978 ማለት ነው። የ1961ዱ ሞዴል እስከ 2008 ድረስ ለወታደር ሲታደል ስለነበረ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ አሁንም ይገኛል። እጀታው የተፋቀ ቢሆን አትናቀው፤ ስለቱ ካልተበላና ሞላው ካልደከመ ገና ብዙ ይሠራል።

8. አጥባት፣ አድርቃት፣ ዘይት ጠብ አድርግላት። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረህ እያንዳንዱን መሣሪያ ደጋግመህ ክፈትና ዝጋ፤ ከኪስ የገባው ብናኝና የደረቀው የብርቱካን ጭማቂ ይወጣል። ካደረቅሃት በኋላ መታጠፊያዎቹ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት በቂ ነው። ምግብ የምትቆርጥባት ስለሆነች የሞተር ዘይት አታድርግባት። አልከፍት ብላ ጥፍርህን የምትሰብር ሰንጢ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ሳይሆን መታጠብ ነው የምትፈልገው።

9. የሌላውን ሰው ምርጫ አትናቅ፤ ከየት ሆኖ እንደሚናገር ግን እወቅ። በ2008 የስዊስ ጦር የድሮዋን ትቶ አዲስ ሰንጢ ተቀበለ። ርዝመቱ 111 ሚሊሜትር ነው፤ በአንድ እጅ ይከፈታል፣ ይቆለፋል፣ የእንጨት መጋዝም አለው። የድሮዋ ወዳጆች ዛሬም ያዝናሉ። እኔ ግን ጦሩ ልክ ነው እላለሁ፦ አንድ እጁ የተያዘበት ወታደር በሁለት እጅ የሚከፈት ሰንጢ ምን ያደርግለታል? ለወታደር የሚበጀው አዲሱ ነው። አንተ ግን ወታደር አይደለህም። አሜሪካኖችም አራቱን መሣሪያዎች የያዘ የራሳቸው የወታደር ሰንጢ ነበራቸው፤ ሙሉ በሙሉ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ጎኑ ላይ «ዩ ኤስ» ተብሎ የተመታበት። ለብዙ ዘመን ከሠሩት አንዱ ካሚለስ የተባለው የኒውዮርክ ፋብሪካ ነበር፤ በ2007 ተዘጋ። ይከብዳል፣ ሞላውም ያስቸግራል፤ መኪና ቢሄድበት ግን ምንም አይሆንም የሚሉ ወዳጆች አሉት፤ አልከራከራቸውም።

ፒንሳ የሚፈልጉትንም ስማቸው። ቲም ሌዘርማን የሚባል አሜሪካዊ በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር ኪሱ ውስጥ የነበረው እንዲህ ያለው የቦይስካውት ሰንጢ ነው። መኪናው በተበላሸ ቁጥር ፒንሳ አጣ። አገሩ ተመልሶ ዓመታት ለፋበትና በ1983 ፒንሳ ያለውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ሰውየው ሰንጢዋን አልተሳደበም፤ የሚሠራበትን ሥራ አይቶ ሌላ ዕቃ ሠራ። አሮጌ መኪና የምትነዳ ከሆነ የእሱን ከመኪናህ መሳቢያ አኑር፤ ይህችን ከኪስህ። አስተያየት ሲሰጥህ የሰውየውን አፍ ሳይሆን የሰንጢውን እጀታ እይ። ጠርዙ ያልተነካ፣ ከሳጥኑ ገና ያልወጣ ሰንጢ ያለው ሰው ስለ ዋጋው ያውቃል፤ ስለ ሥራው ግን እጀታው የተፋቀውን ጠይቅ።

10. ሕግ እወቅ። አውሮፕላን ልትሳፈር ስትነሣ ኪስህንና የእጅ ሻንጣህን ፈትሽ፤ ሰንጢዋ ከምትጫነው ሻንጣ ትግባ። ብዙ ሰው ከአባቱ የወረሰውን ሰንጢ በፍተሻ ላይ ጥሎ አልፏል። አሜሪካኖች በ2013 ስለታቸው ከ6 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ትንንሽ ሰንጢዎችን ሊፈቅዱ አስበው ነበር፤ ብዙ ተቃውሞ ገጠማቸውና በዚያው ዓመት ተዉት። ዘመድ ልትጠይቅ እንግሊዝ አገር ብትሄድ፣ የማይቆለፍና አፉ ከ7.62 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢ ያለ ምክንያት መያዝ ይፈቀዳል፤ የሚቆለፈው ግን ያስጠይቃል። ጀርመንም ከ2008 ጀምሮ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፈውን ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መዞር ከልክላለች። ያ ወጣቶች የሚያጥላሉት መቆለፊያ ማጣቷ እዚያ አገር ከጣጣ ያድንሃል። ይሁንና ሕግ በየጊዜው ይጠብቃል፤ በየደረስክበት ጠይቅ።

11. በሰው ፊት አደብ ይኑርህ። በእኛ ከተማ ሰንጢ ሲባል የሰው ልብ ቶሎ ወደ ጠብ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራ ሳይኖር አታውጣት፣ ስታወራ አትክፈትና አትዝጋ፣ በስካርና በንዴት ቦታ አትገኝ። ለሰው ስታቀብል ዘግተህ አቀብል። ልጅ ካየህና ከጠየቀህ አትቆጣው፤ አጠገብህ አስቀምጠህ እንጨት ሲላጥ አሳየው፣ እጁ ላይ ግን አንተ ሳትኖር አትተዋት። ስለት ለሚያከብር ሁሉ አውስ፤ በስለቱ ጣሳ ለሚከፍት ግን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አትስጥ።

12. አንዷን ሳታውቅ ሁለተኛ አትግዛ። ይህን ስልህ ፊትህ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። መሰብሰብ ክፉ አይደለም፤ እኔም የማደንቃቸው ሰብሳቢዎች አሉ፣ ያለ እነሱ ብዙ ታሪክ ይጠፋ ነበር። ነገር ግን ብዙ ያለው ሰው የትኛዋም ሰንጢ እጁን አታውቀውም። አንዷን ይዘህ ክረምቱንና በጋውን አሳልፍ። ምን እንደሚጎድልህ የምታውቀው ያኔ ነው፤ መጋዝ ጎድሎህ ከሆነ መጋዝ ያላትን፣ መቀስ ጎድሎህ ከሆነ መቀስ ያላትን ትገዛለህ። አሁን ግን የሚጎድልህ ሰንጢ አይደለም።

በል እንግዲህ፣ ኪስህ ያለችውን አውጣ። ስለቷን ከመብራት ፊት አፉን ወደ ላይ አድርገህ ያዘው፤ አፉ ላይ የሚያበራ ነጭ መስመር ካየህ ደንዝዟል፣ የተሳለ አፍ ብርሃን አይመልስምና። ድንጋዩ ከእኔ ዘንድ አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ና፣ አብረን እንስለዋለን። ስለ ሁለተኛዋ ሰንጢ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።